ገመዱ ከተበጠሰስ? ባሕር ላይ የቆመ ብረት በገመድ ተንጠልጥሎ እንዴት ይመረመራል

ደሴ ከገባሁ ጀምሮ ቡና የጠራኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ገመዱ ከተበጠሰስ?» አክስቴማ መልሱንም አትጠብቅም። «አላህ ይጠብቅህ እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል፤ አብሽር!» ትልና ቶናውን ትቀዳለች። እኔም ዱዓዋን ተቀብዬ ዝም እላለሁ። በአንድ ስኒ የሚያልቅ መልስ የለኝማ።

7 ዓመት የሠራሁት ዐረብ አገር ባሕር ላይ ነው። ነዳጅና ጋዝ የሚወጣባቸውን ፕላትፎርሞች በገመድ ተንጠልጥዬ ብረታቸውን እመረምር ነበር። ይህን ስናገር ግማሹ ሰው ሰርከስ ይመስለዋል፤ ግማሹ ደግሞ ፎቅ ላይ ቀለም የሚቀባ ሰው ይታየዋል። ገመዱ ግን ለእኔ ባጃጅ ነው። የምፈልግበት ቦታ ያደርሰኛል፣ ይመልሰኛል። ሥራው የሚጀምረው ከደረስኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ላሳያችሁ። ወሎ ባሕር የለውም፤ ለባሕር የሚያቀርበን ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ነው። ቢሆንም የሐይቅ እስጢፋኖስን ውሃ ያየ ሰው ፕላትፎርም ምን እንደሚመስል መገመት አያቅተውም። ሐይቃችን ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። እኔ የሠራሁበት፣ የዐረብ ወይም የፋርስ የሚባለው ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ስፋቱ ያስፈራል እንጂ አብዛኛው ቦታው ከሐይቃችን ያነሰ ጥልቀት ነው ያለው። እንግዲህ ወፍራም የብረት እግሮች ከባሕሩ ግርጌ ተተክለው፣ እንደ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ምሰሶ በሰያፍ ቱቦዎች እርስ በርስ ተያይዘው፣ ከውሃው በላይ ሦስት አራት ፎቅ የሚሆን ፋብሪካ ተሸክመው ቆመው አስቡ። ፋብሪካው ውስጥ ሰው ይኖራል፤ ይተኛል፣ ይበላል፣ ይሰግዳል። ከጎኑ ትርፍ ጋዝ የሚቃጠልበት ረጅም ማማ አለ። ከውሃ በታች ያለውን ጠላቂዎችና ሮቦቶች ያዩታል። ከውሃ በላይ ያለው፣ በተለይም መሰላል የማይደርስበት፣ የእኛ ነው።

«ለምን ርብራብ አይሠሩለትም?» ያለኝ አንድ ግንበኛ ጎረቤቴ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚህ ቤት ሲሠራ ባሕር ዛፉ መሬት ላይ ይቆማል፣ በምስማር ይያያዛል፣ አለቀ። ባሕር ላይ የሚቆምበት መሬት የለም። ርብራቡ ከላይ ወደ ታች ተንጠልጥሎ መሠራት አለበት። እያንዳንዱ ቱቦና ጣውላ በመርከብ ይመጣል፤ የሚሠሩት ሰዎች አልጋ ይፈልጋሉ፤ ፕላትፎርም ላይ ደግሞ ከአልጋ የበለጠ የሚያጣላ ነገር የለም። አንድ ቱቦ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ልኬት ለመውሰድ ቀናት የሚፈጅ ርብራብ ተሠርቶ፣ ተመልሶ ይፈርሳል። ርብራቡን የሚሠሩትም ሰዎች እኮ ውሃ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው! እኛ ሦስት ሆነን ቦርሳችንን ይዘን ጠዋት ብንወጣ ከምሳ በፊት የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝግቧል። ከባድ ብየዳ ወይም ሳምንታት የሚወስድ ጥገና ከሆነ ግን ርብራቡ ይሻላል፤ እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼ ቢቀየሙኝም የማምነው ይህን ነው።

ሁለቱ ገመዶች

ወደ አክስቴ ጥያቄ ልመለስ። ገመዶቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የሥራ ገመድ ነው፤ ክብደቴን የሚሸከመው እሱ ነው። ሌላው የደህንነት ገመድ ነው፤ አጠገቤ ተንጠልጥሎ ምንም ሳይሠራ ይውላል። ሁለቱ የታሰሩበት ቦታ ይለያያል፤ ከእኔ ጋር የሚያገናኛቸውም መሣሪያ ይለያያል። ከገመዱ፣ ከቋጠሮው፣ ከማሰሪያው ወይም ከመሣሪያው ማንኛውም አንድ ነገር ቢከሽፍ ሰውየው መውደቅ የለበትም። የሥራው ሕግ ብዙ ገጽ ቢኖረውም ሁሉም ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው።

ዘዴውን ኢንዱስትሪው የተዋሰው ከዋሻ አሳሾችና ከተራራ ወጪዎች ነው። እነሱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ገመድ ነው የሚንቀሳቀሱት፤ ሁለተኛውን የጨመረው የሥራው ዓለም ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር ይህን ሥራ የሚሠሩ ኩባንያዎች ኢራታ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ ባሕረ ሰላጤው ላይ «ካርድህን አሳየኝ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚፈለገው የእሱ ነው። አሜሪካኖቹም ስፕራት የሚባል የራሳቸው አላቸው።

ገመዱ እንደ ቃጫ ገመድ የተገመደ አይደለም። ውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ የሚሄድ የናይሎን ክር ነው፤ ሸክሙን በአብዛኛው የሚይዘው እሱ ነው። በላዩ የተሸመነ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ ውስጡን ከፀሐይ፣ ከአሸዋና ከፍትጊያ ይጠብቃል። ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከትንሿ ጣት አይበልጥም። በአውሮፓ ደረጃ የዚህ ዓይነት ገመድ ቢያንስ 22 ኪሎ ኒውተን መቻል አለበት፤ ወደ 2 ሺህ 200 ኪሎ ክብደት ማለት ነው። ቋጠሮ ሲኖረው ጉልበቱ ስለሚቀንስ ጫፉ ተቋጥሮ ሲፈተን 15 ኪሎ ኒውተን ይጠየቃል። ባቲ ገበያ ከሚቀርቡት ግመሎች ሦስቱን አንድ ላይ ብታንጠለጥሉበት ይችላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚሉት ይህን ሳያዩ ነው።

ስለዚህ ገመድ በሰው ክብደት አይበጠስም። ገመድን የሚገድለው ጠርዝ ነው። የተወጠረ ናይሎን ስል ብረት ላይ አርፎ ግራና ቀኝ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተፈገፈገ፣ ያ ሁሉ ቶን ቀርቶ አንድ ሰውም አይይዝም። አሲድ ይበላዋል፤ የጋለ ቱቦ ያቀልጠዋል፤ ለዓመታት ፀሐይ ላይ የዋለም ይደክማል። የአንድ ጎበዝ ሠራተኛ ችሎታ የሚታየው ሲንጠለጠል ሳይሆን ከመንጠልጠሉ በፊት ነው። ጎንበስ ብሎ ገመዱ የት የት እንደሚነካ ያያል። በሚነካበት ሸራ ወይም የገመድ ሽፋን ያደርጋል፤ ካልሆነም ገመዱን በሌላ ማሰሪያ ስቦ ከጠርዙ ያርቀዋል። እኔ መጀመሪያ ዓመት ላይ ይህን ሥራ እያጉረመረምኩ ነበር የምሠራው፤ ግማሽ ቀን ገመድ ማስተካከል፣ ሃያ ደቂቃ መሥራት።

ስለ ማሰሪያው አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያስበው። ብዙ ጊዜ አንድ ገመድ ሁለት ቦታ ላይ ይታሰርና በመካከል ይወርዳል። «ሁለት ቦታ ከታሰረ ሸክሙ ግማሽ ግማሽ ይሆናል» ትላላችሁ። ሁልጊዜ አይደለም። ሁለት ልጆች አንድ ጀሪካን ውሃ በገመድ ይዘው ሲሄዱ አስቡ። ተጠጋግተው ሲሄዱ ይቀላቸዋል። ተራርቀው ሲሄዱ ገመዱ ወደ ጎን ይወጠርና ክንዳቸውን ይነቅላል፤ ጀሪካኑ ግን ያው ነው። እኔ ከነመሣሪያዬ 100 ኪሎ ብሆንና ሁለቱ ክንዶች በመካከላቸው 90 ዲግሪ ቢከፈቱ እያንዳንዱ ማሰሪያ 71 ኪሎ ያህል ይይዛል። 120 ዲግሪ ሲሆን እያንዳንዱ ሙሉውን 100 ኪሎ ይሸከማል። 150 ሲደርስ ወደ 193 ይወጣል! ለዚህ ነው ከ90 በታች እንዲሆን የሚፈለገውና 120 የመጨረሻ ድንበር የሆነው።

ቀኑ እንዴት እንደሚጀምር ልንገራችሁ። ከሁሉ በፊት ወረቀት ነው፤ የሥራ ፈቃድ። እኛ በምንወርድበት አቅራቢያ ጋዝ የሚለቅ ቧንቧ፣ የሚነሳ ክሬን፣ ከላይ የሚበይድ ሰው እንደሌለ የሚያረጋግጥ ፊርማ ነው። ከዚያ ነፋሱና ማዕበሉ ይታያል፤ ከታች የነፍስ አድን ጀልባ ዝግጁ መሆኑ በሬዲዮ ይጠየቃል። ገመዱን በባዶ እጄ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳሳልፈው ጣቶቼ ያነባሉ፤ የሳሳ ቦታ፣ ያበጠ ቦታ፣ የደረቀ ቦታ ይነግሩኛል። ጓደኛዬ የእኔን ሃርነስ፣ ማለትም ገላዬ ላይ የምታጠቀውን ቀበቶ፣ ማሰሪያውን ይፈትሻል፣ እኔ የእሱን። አሥር ዓመት የሠራ ሰውም ይፈተሻል፤ ማንም አይቀየምም።

መውረጃ መሣሪያው እጀታውን ስጫነው ብቻ ገመድ ይለቃል፤ ስተወው ይነክሳል። የደህንነት ገመዱ ላይ ያለው ሌላው መሣሪያ እንደ መኪና ቀበቶ ነው፤ ቀስ ስል አብሮኝ ይወርዳል፣ ድንገት ከፈጠንኩ ቀጥ ይላል። ለመውጣት ደግሞ ሁለት ወደ ላይ ብቻ የሚሄዱ መቆንጠጫዎች አሉ፤ አንዱ ደረቴ ላይ፣ አንዱ እጄ ላይ ከእግር ማስገቢያ ጋር። እጅ ይወጣል፣ እግር ይገፋል፣ ደረት ይከተላል። ልክ አባ ጨጓሬ ግንድ ላይ እንደሚወጣው ነው፤ ውበት የለውም፣ ግን ይደርሳል። የገመዱ ጫፍ ሁልጊዜ ቋጠሮ አለው፤ ሳያውቅ እስከ ጫፉ የሚወርድ ሰው አልፎ እንዳይሄድ።

የያዝኩት ነገር ሁሉ ከእኔ ጋር የታሰረ ነው፤ እስክሪብቶው ሳይቀር። ከ40 ሜትር ከፍታ ያመለጠች ግማሽ ኪሎ ቁልፍ ታች ስትደርስ ፍጥነቷ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ከበታቻችን ያለው ቦታ ይታጠራል። ከባድ መሣሪያ ሲሆን እኔ ላይ አይታሰርም፤ የራሱ ገመድ ይኖረዋል።

ሰው ብቻውን አይወርድም። ምክንያቱ ወዳጅነት አይደለም። ራሱን የሳተ ሰው ሃርነስ ላይ ቀጥ ብሎ ሳይንቀሳቀስ ሲንጠለጠል ደሙ እግሩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ወደ ልብና ወደ ጭንቅላት የሚመለሰው ይቀንሳል። በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሄሊኮፕተር እስኪመጣ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ቡድኑ ቢያንስ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከፍተኛው ደረጃ ያለው፣ የማዳን ኃላፊነት የተሰጠው ሱፐርቫይዘር ይሆናል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት «ይህ ሰው እዚህ ቢደክም በየት በኩል፣ በምን አወርደዋለሁ?» የሚለው መልስ አግኝቷል። አንዳንዴም ገመዱን ገና ሲያስሩት ከላይ ሆኖ ሰውየውን ማውረድ እንዲቻል አድርገው ነው የሚያስሩት።

ብረቱ የት ይበላል

አሁን ደረስኩ እንበል። ምን እያየሁ ነው?

አክስቴ ግቢ ውስጥ የባሕር ዛፍ አጥር አለ። ክረምት በወጣ ቁጥር አንድ ሁለቱ ምሰሶ ይወድቃል። የወደቀውን ብታነሱት መሬት ውስጥ የተቀበረው ጫፉ ደህና ነው፤ ላይኛውም ደህና ነው። የበሰበሰው ልክ መሬቱ ጋ፣ አፈርና አየር የሚገናኙበት አንድ ስንዝር ነው። የባሕር ብረትም እንደዚሁ ነው። (ስሙም ባሕር ዛፍ መሆኑ ገርሞኝ ያውቃል።)

ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ያለው ብረት ጠባቂ አለው። በእግሮቹ ላይ የአሉሚኒየም ወይም የዚንክ ጡቦች ይበየዱበታል፤ እነሱ ቀድመው እየተበሉ ለብረቱ ቤዛ ይሆናሉ። ይህ የሚሠራው ግን የኤሌክትሪክ ጅረቱ የሚያልፍበት ውሃ ሲኖር ነው። በጣም ከፍ ያለው ብረት ደግሞ ቀለሙ ይበቃዋል። መካከል ላይ ማዕበል የሚረጭበት ቀበቶ አለ፤ ሲረጥብ፣ ሲደርቅ፣ መልሶ ሲረጥብ ይውላል። ጨውም አለው፣ አየርም አለው፣ ቤዛው ግን አይደርስለትም፤ ማዕበሉም ቀለሙን ይገፈዋል። የባሕረ ሰላጤው ውሃ ደግሞ ከተራው ውቅያኖስ ይበልጥ ጨዋማ ነው፤ በሊትር 35 ግራም ገደማ የነበረው እዚያ 40 ይደርሳል። ሙቀቱ አይነሳ! በገመድ የምንፈለገው በአብዛኛው ለዚህ ቀበቶ፣ ከወለሉ ሥር ላሉ ቧንቧዎችና ለጋዝ ማቃጠያው ማማ ነው።

ብረት ከውስጥ በኩል ሲበላ ከውጭ አይታይም። ቱቦውን ሳይቆርጡ ውፍረቱን ለማወቅ የምንጠቀመው የገደል ማሚቶን ነው። ገደል ዳር ቆማችሁ ብትጮሁ ድምፃችሁ ማዶውን ነክቶ ይመለሳል፤ በቶሎ ከተመለሰ ማዶው ቅርብ ነው። የእኛም መሣሪያ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ብረቱ ይልካል፤ ድምፁ ከወዲያኛው ፊት ተመልሶ ሲመጣ ጊዜውን ይቆጥራል። ድምፅ ብረት ውስጥ በሴኮንድ 5 ሺህ 900 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ውስጥ ደርሶ ለመመለስ የሚወስድበት ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ ሦስት እጅ ተኩል አይሞላም። ነፍሰ ጡር ሆዷ ላይ አልትራሳውንድ ሲነሳ እንደሚቀባው ጄል እኛም እንቀባለን፤ በመካከል አየር ከገባ ድምፁ አያልፍም።

ቀላል ይመስላል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር። ገና አዲስ ሳለሁ ጠዋት ሙሉ ተንጠልጥዬ የአንድ ቧንቧ 24 ነጥቦች ለክቼ፣ ላቤን ጠርጌ፣ ወረቀቱን ለሱፐርቫይዘሬ ሰጠሁት። ቧንቧው ሲገዛ 9.5 ሚሊ ሜትር ነበር። እኔ የጻፍኩት 11.1፣ 11.0፣ 11.2... ሰውየው ወረቀቱን አየና ረጋ ብሎ «ብረቱ ወፍሯል እንዴ?» አለኝ።

የለካሁት ቀለሙን ጨምሬ ነበር። ቀለሙ ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ድምፅ ግን ቀለም ውስጥ ሲሄድ ከብረት ውስጥ በጣም ይዘገያል። መሣሪያው ይህን አያውቅም፤ «ብረት ነው» ብሎ ሲያስላው 0.8 የነበረው ቀለም ወደ 2 ሚሊ ሜትር ብረት ይሆናል። መሣሪያው ቀለሙን ዘልሎ በብረቱ ውስጥ የተደጋገመውን ማሚቶ ብቻ እንዲቆጥር ማድረግ ይቻላል፤ እኔ አላስተካከልኩትም። ተመልሼ ወጣሁ። እውነተኛው ቁጥር 9.1 አካባቢ ነበር፤ ሁለት ነጥቦች ላይ ደግሞ 7 ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያው ወረቀቴ ሁለቱም 9 ነበሩ፤ ማለትም ደህና።

ከዚያ ቀን በኋላ «ገመዱ ከተበጠሰስ?» የሚለው ጥያቄ ቦታው ተለወጠብኝ። ለገመዱ ሁለተኛ ገመድ አለው፤ ታስቦበታል። ቁጥሩን የሚያነበው ግን እኔ ነኝ፤ ከእኔ በኋላ ያ ቦታ ላይ ዓይኑን የሚያሳርፍ ሰው ለዓመታት ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ አሁን ከመውረዴ በፊትም፣ ከወጣሁ በኋላም ውፍረቱ በሚታወቅ፣ እንደ ደረጃ በተቆራረጠ ብረት ላይ መሣሪያውን እፈትሻለሁ። አጠራጣሪ ነጥብ ካለ ጓደኛዬ ቁጥሬን ሳያይ ደግሞ ይለካዋል።

ቁጥሩ ምን ይደረጋል? በምሳሌ ላሳይ። አንድ ቧንቧ ሲገጠም 12.7 ሚሊ ሜትር ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ 10.7 ሆኖ ተገኘ፤ በዓመት 0.2 እየሳሳ ነው ማለት ነው። ግፊቱን ለመቻል ከ8 በታች መውረድ የለበትም እንበል። የቀረው 2.7፣ ለ0.2 ሲካፈል 13 ዓመት ተኩል። ታዲያ «ከ13 ዓመት በኋላ እንመለስ» አይባልም፤ የተለመደው አሠራር ከቀሪው ዕድሜ ግማሹ ሳያልፍ መመለስ ነው። ዝገት እንደ ደመወዝ በየወሩ እኩል አይመጣም።

መሳሳት አንዱ በሽታ ነው። ሌላው ስንጥቅ ነው፤ እኔ የበለጠ የምፈራው እሱን ነው። ማዕበል ቀንና ሌሊት እግሮቹን ይነቀንቃል። ሽቦ ደጋግማችሁ ወዲያ ወዲህ ብታጥፉት በመጨረሻ ይቆረጣል፤ ፕላትፎርምም በብየዳው መገጣጠሚያ ላይ እንደዚያ ይደክማል። ስንጥቁ ሲጀምር ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ዓይን አያየውም። ስለዚህ ብየዳውን እስኪያብረቀርቅ እናጸዳለን፣ ስስ ነጭ ቀለም እንረጫለን፣ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ባለ ሁለት እግር ማግኔት ብረቱን ማግኔት እናደርገዋለን፣ ከዚያ ጥቁር የብረት ብናኝ ያለበት ፈሳሽ እንረጫለን። ስንጥቅ ካለ የማግኔቱ ኃይል እዚያ ጋ ይሾልካል፤ ብናኙ ይሰበሰብና ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። ማግኔቱ ራሱ በየዕለቱ ይፈተናል፤ 4.5 ኪሎ የሚመዝን ብረት ማንሳት አለበት፤ ካላነሳ ዛሬ ሥራ የለም። አንዴ ሌሊት ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ በግንባር መብራት፣ አንዲት የጣት ስፋት የማትሞላ ጥቁር መስመር ስትወጣ አይቼ ትንፋሼን ይዤ ቀረሁ። ጠርጌ ደገምኩት። እዚያው ወጣች።

የስንጥቅን ነገር ባሕር ላይ የሠራ ሁሉ በአንድ ስም ያስታውሰዋል፤ አሌክሳንደር ኪላንድ። ኖርዌይ አካባቢ ሰሜን ባሕር ላይ የሠራተኞች ማደሪያ የነበረ ባለ አምስት እግር ተንሳፋፊ ፕላትፎርም ነው። መጋቢት 18 ቀን 1972 ዓ.ም. ማታ በማዕበል መካከል እግሩን ከሌሎቹ የሚያያይዘው አንዱ ቱቦ ተሰበረ፤ ሌሎቹ ተከተሉት፤ እግሩ ተገንጥሎ ሄደ፤ በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሁሉም ተገለበጠ። ከ212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ። ምርመራው ወደኋላ ሲሄድ የደረሰው 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት ብየዳ ላይ ነው። ፕላትፎርሙን የሚሸከም ብየዳ እንኳ አልነበረም፤ ቱቦው ላይ የድምፅ መቀበያ መሣሪያ ለመያዝ የተበየደች መቀመጫ ናት። ከሁሉ የሚያመኝ ዝርዝር ይህ ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ ቀለም ተገኝቷል። ማለት ፕላትፎርሙ ገና ሲሠራ፣ ቀለም ሳይቀባ በፊት ስንጥቁ ነበረ። ቀቢው ቀለሙን አለበሰው፣ ሰዎችም ላዩ ላይ ዓመታት አደሩበት።

«ድሮን አለ አይደል?» የሚሉኝ ወጣቶች ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። ጋዝ ማቃጠያው ማማ ጫፍ ላይ ድሮን መላክ እሳቱን ሳያጠፉ ለማየት ያስችላል፤ ዱሮ ማማውን ለማየት ምርቱ መቆም ነበረበት። እኔም ደስ ይለኛል፤ እዚያ ጫፍ መውጣት ናፍቆኝ አያውቅም። ድሮን ግን የዝገት ቅርፊት አይልጥም፣ ብየዳ አያብስም፣ ማግኔት ደግፎ አይቆምም። ውፍረት የሚለኩ ድሮኖች መጥተዋል፤ ብረቱ ንጹሕ ሲሆን ይሠራሉ። ቀስ በቀስ የእኛን ሥራ ይቀንሱታል ብዬ ነው የማስበው።

ሥራውን ለሚፈልግ

ወሎ ውስጥ ባሕር ማዶ የሚሄድ ወንድም ወይም እህት የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ይህን የሚያነብ «እንዴት ይገባል?» ማለቱ አይቀርም። የኢራታ የመጀመሪያው ደረጃ ሥልጠና ቢያንስ 4 ቀን ነው፤ በአምስተኛው ቀን ከማሠልጠኛው ውጭ የሆነ ፈታኝ ይፈትናል። ዕድሜ ከ18 በላይ፣ ጤና የተመረመረ። ወደ ሁለተኛው ደረጃ ለመሄድ ቢያንስ 12 ወርና 1 ሺህ ሰዓት ገመድ ላይ መሥራት፣ ወደ ሦስተኛው እንደገና ያንኑ ያህል። ሰዓቱ በሎግቡክ ይመዘገባል፣ ሱፐርቫይዘር ይፈርምበታል። ሰርተፊኬቱ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። በአንድ ቅዳሜና እሁድ «ሦስተኛ ደረጃ እናወጣልሃለን» የሚል ደላላ ከመጣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሩጡ።

ገመዱ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። በያጅ፣ ቀቢ፣ ኤሌክትሪሻን ወይም እንደ እኔ መርማሪ መሆን አለባችሁ፤ ባጃጅ ያለ ተሳፋሪ ምን ያደርጋል? በዚያ ላይ ባሕር ላይ ለመውጣት የነፍስ አድን ሥልጠና ግዴታ ነው፤ የሄሊኮፕተር ቅርጽ ያለው ሳጥን ገንዳ ውስጥ ይገለበጣል፣ እናንተ ቀበቶ ፈትታችሁ በመስኮቱ ትወጣላችሁ። 2 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ላይ ተወልጄ፣ ቦርከና ውስጥ እግሬን ከመንከር በቀር ውሃ ሳላውቅ ያንን ያለፍኩበትን ቀን አክስቴ ብታየው ዱዓውን እጥፍ ታደርገው ነበር።

ባለፈው ወር እዚሁ ደሴ አንድ አምስት ፎቅ ላይ ጣውላ ላይ ተቀምጦ ቀለም የሚቀባ ልጅ አየሁ። አንድ ገመድ። ቆሜ ጠበቅሁት። ሲወርድ «ምነው ጋሼ፣ ሰው ፈልገው ነው?» አለኝ።

«አንተን ነው ወንድሜ። ሁለተኛው ገመድህ የታለ?»

ሳቀ። «አንዷንም በመከራ ነው ያገኘኋት። ደግሞ እስከ ዛሬ አልተበጠሰችም እኮ።» ስለ ጠርዙ ነገርኩት፤ ገመዱ ጣሪያው ላይ በሚያልፍበት ቦታ የተላጠውን አሳየሁት። ዝም ብሎ አየውና «እሺ ሁለተኛ ቢኖረኝስ፣ የት አስረዋለሁ?» አለኝ። አገር ቤት ከገባሁ እንደዚህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም።

ጣሪያው ላይ አብረን ወጣን። ገመዱ የታሰረው ሮቶው በተቀመጠበት የብረት ማቆሚያ እግር ላይ ነው። ማቆሚያው ወለሉ ላይ አልተበሎነም፤ የሚይዘው የውሃው ክብደት ብቻ ነው። ልጁ «ይሄ ከእኔ ይከብዳል ጋሼ፣ ሁለት ሺህ ሊትር ነው» አለ። በዚያ ሰሞን ሰፈሩ ውስጥ ውሃ ከሄደ አራት ቀን ሆኖታል፤ ተከራዮቹ ግን ጠዋት ማታ እየቀዱ ነው። ሮቶውን ከታች ወደ ላይ በጣቴ መገጣጠሚያ አንኳኳሁት። ከታች ድፍን ድምፅ ነበረው፤ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ተለወጠ። ልጁ ጆሮውን አስጠጋና ራሱ ደግሞ አንኳኳ።